ገመናዬ ያለው ዘመዶቼ ገጽ ላይ ነው

በርበሬና ሽሮ የምሸጠው በቴሌግራም ስለሆነ ስልክ ቁጥሬን ደብቄ መኖር አልችልም፤ ደንበኛ ካልደወለ እንጀራ የለም። የግል መረጃዬን ለመጠበቅ ስነሳ «ሁሉንም ዝጊ» የሚለው ምክር አልሠራልኝም። የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መለየት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ራሴን እንደ ባዕድ መፈለግ ነው። የሽያጭ ቁጥሬን የሞባይል ገንዘብ መላኪያ ላይ ባስገባው፣ ብሩ ከመላኩ በፊት ስሜ ብቅ አለ። ስሙ ወደ ፌስቡክ ወሰደኝ፤ ፌስቡክ ደግሞ እህቴ በእናቶች ቀን ወደ ለጠፈችው ምርቃት፤ እዚያ የእናቴ ሙሉ ስም ከነአያቴ ተጽፏል። የእናት ሙሉ ስም እኮ የባንክ ሒሳብ ስንከፍት ቅጹ ላይ የምንሞላው ነው!

የራሴን ገጽ ማስተካከሉ ቀላል ነበር። ሁለተኛ ሲም ካርድ አወጣሁና አንዱን ለደንበኛ፣ ሌላውን ለባንክና ለቤተሰብ አደረግኩት። በግል ቁጥሬ የከፈትኩት ቴሌግራም ላይ ቁጥሬን ማንም እንዳያየው መረጥኩ። ይህን ሲመርጡ ከሥሩ በቁጥርዎ ፈልጎ ማን ያግኝዎት የሚል ሌላ ጥያቄ ይወጣል። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል፤ እርሱ ክፍት ከሆነ ግን ቁጥሩን የያዘ ሁሉ ገጽዎን ያገኘዋል። በሁለቱም ቁጥሮች ቴሌግራም ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አስገባሁ፤ «በስህተት አንቺ ጋ የተላከ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» የሚል አጭበርባሪ የመግቢያ ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ብቻውን እንዳይበቃው። ፌስቡክም የድሮ ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ሌሎች ሰዎች ስለ እኔ የለጠፉትን ግን አይነካም።

ከባዱም ይኸው ነበር። አክስቴ የልጄን ፎቶ ከነዩኒፎርሙ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ደረቱ ላይ እየተነበበ፣ ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርገው ለጥፈዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ግን አክስቱን አዋጅ ጠቅሶ የሚናገር ማን ነው?

«እትዬ፣ የልጁን ፎቶ ቢያነሱት ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ምነው? አላማረበትም?»

«አምሮበታል እንጂ። የሚያየው ሰው ግን ብዙ ነው፤ የማናውቀውም አለ።»

ጥቂት አሰቡና «ውይ! ዓይን!» ብለው እዚያው አጠፉት። እኔ ያሰብኩት ልጁን ከትምህርት ቤት በር ሊጠብቅ የሚችለውን ሰው ነበር፤ እርሳቸው የፈሩት ቡዳ ነው። አልተከራከርኩም። አሁን የዘመድ ልጅ ፎቶ በወጣ ቁጥር ቀድመው የሚቆጡት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለማንም ስለ መረጃ ደኅንነት ማብራራት ትቻለሁ፤ በሚገባቸው በኩል እገባለሁ።

የዕድሩ ጉዳይ ግን በዓይን የሚያልቅ አልነበረም። ጸሐፊያችን የአባላትን ዝርዝር ከነስልክና ከነቤት ቁጥር የዕድሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለጥፈውታል። እንዲያነሱት ስጠይቃቸው «ለቅሶ ሲኖር ቤቱን በምን እናገኘዋለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከብዙ ንግግር በኋላ የቤት ቁጥሩ በእርሳቸውና በሊቀ መንበሩ መዝገብ እንዲቀመጥ፣ ቡድኑ ውስጥ ስም ብቻ እንዲወጣ ተስማማን። የድሮውንም ፋይል ከሁሉም እንዲጠፋ አድርገው ሰረዙት፤ አዲስ የሚገባ አባል ወደ ኋላ ሄዶ እንዳያገኘው። ቀድሞ ያወረደ ካለ እርሱን መመለስ አይቻልም።

የቀረን የመዋጮ ደረሰኝ ነው። አባላት የባንክ ማስተላለፊያውን ፎቶ ከነስማቸው ቡድኑ ውስጥ ይለጥፋሉ። ለገንዘብ ያዡ በግል ይላክ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ጥቂቶች ተስማሙ፤ ሌላው ግን መክፈሉ ለጎረቤት እንዲታይለት ይፈልጋል።