ሳርኒያ ኢምፔሪያልስ፦ የማጣሪያው ሠራተኞች ዋንጫ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ ያልወጣው እ.ኤ.አ. የ1933ቱ የግሬይ ካፕ፣ ማለትም የካናዳ ፉትቦል (የአሜሪካን ፉትቦል የሚመስል ጨዋታ) ሻምፒዮና ዋንጫ፣ ፍጻሜ ነው። የኦንታሪዮ አማተሮቹ ኢምፔሪያልስ በገዛ ከተማቸው በሳርኒያ በቶሮንቶ አርጎናውትስ 4 ለ 3 ተሸነፉ። አንድም ታችዳውን (ኳስ ወደ ተጋጣሚ ጎል ክልል በማስገባት የሚገኝ ትልቅ ነጥብ) የለም! በካናዳ ፉትቦል በእግር የተመታ ኳስ ከጎል መስመር ጀርባ ወደ ጎል ክልል ገብቶ ተቀባዩ ይዞት መውጣት ካቃተው መቺው ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል፤ "ሩዥ" ይሉታል። ለዚህ ደግሞ እንደ ኢምፔሪያልሱ ተጫዋች ሂዩ ስተርሊንግ ያለ ኳስ አርቆ የሚመታ ሰው ወርቅ ነው።

ብዙዎቹ ተጫዋቾች የኢምፔሪያል ኦይል ማጣሪያ ሠራተኞች ነበሩ። በዚያ የሥራ አጥነት ዘመን ቋሚ ሥራ ከየትኛውም የፊርማ ገንዘብ በላይ ተጫዋች ይስባል። በ1934 ሬጂናን 20 ለ 12፣ በ1936 ኦታዋን 26 ለ 20 ረትተው ዋንጫውን ወሰዱ።

በኋላ ግን ደመወዝ ከፋዮቹ ክለቦች በረቱ፤ ከ1954 ወዲህ የኦንታሪዮው አማተር ሊግ ለግሬይ ካፕ መወዳደሩን ተወ።