ኮፈኑ ሞቆ ነበር

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ገራዥ ውስጥ ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከምንጠግነው መኪና እኩል ሊገዛ የታሰበ መኪና እናያለን። ገዢ፣ ሻጭና ደላላ አብረው ይመጣሉ። እኛ ኮፈን ከፍተን፣ ከሥር ገብተን፣ ነድተን «ጥሩ ናት» ወይም «ትቅርብህ» እንላለን። ለዚህች ቃል የምንቀበለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ቃሏ ምን ያህል እንደምትከብድ የገባኝ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ መምህር ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው ነርስ ናቸው። ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ከዚያ ሰፈር ወጥቶ መግባት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የመጡባት መኪና በፈረንጆቹ የ2003 ሞዴል ቪትዝ ነበረች። ዋጋዋ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር።

እኔ ከሥር ተኝቼ እያለሁ መምህሩ ገንዘቡን እንዴት እንዳሰባሰቡት ያጫውቱኝ ነበር። የዓመታት እቁብ አለበት። ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደሩት አለበት። ዓረብ አገር ያለች እህታቸው የላከችው አለበት። የጎደለውን ደግሞ ሲስተር የጋብቻ ወርቃቸውን ሸጠው ሞሉት። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

እኔ ሙያውን በ2009 ስጀምር እንዲህ ዓይነቷን ቪትዝ 300 ሺህ ብር አካባቢ ሲሸጧት አይቻለሁ። ያኔም ውድ ናት እንል ነበር። ከዚያ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ከራሱ ከመኪናው ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በ2015 ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለከል መኪናም አብሮ ተከለከለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲስ ካልገባ ያለው ይወደዳል። እናም ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ እያረጀች ዋጋዋ ይጨምራል። አገር ውስጥ ገብታ ስንት ጊዜ እንደተገጨች፣ ስንት እጅ እንደቀያየረች ማንም አይጠይቅም። አገኘኋት ብሎ ይሮጣል።

«ኤሌክትሪክ ለምን አላሰቡም? ታክሱ እኮ ቀላል ነው» አልኳቸው።

«አስበን ነበር» አሉኝ። «የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ገመዱን በየት አወርደዋለሁ? ዋጋውም ቢሆን ከአቅማችን በላይ ሆነብን።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። መኪናዋ ስትመጣ መጀመሪያ እጄን ያሳረፍኩት ኮፈኗ ላይ ነው። አቃጠለኝና መለስ አደረግኩት። ደላላው ቶሎ ብሎ «ከለቡ ድረስ ነድተናት ነው፤ መንገዱ ተዘጋግቶ» አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ሳወጣ ደግሞ ዘይቱ አዲስ ነው፤ ወፈርም አለብኝ። «ትናንት ሰርቪስ አስደርገናት ነው» አለ ሻጩ። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። ያረጀ ሞተር በወፍራም ዘይት ለጊዜው ዝም ይላል። ቀድሞ ከሞቀ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ የሚያሳየውን ጠባይ ይደብቃል።

ከኋላዬ ሦስት መኪና ተሰልፏል። ደላላው ስልኩን እያሳየ «ሌላ ገዢ ብር ይዞ እየጠበቀ ነው፤ ሰኞ 50 ሺህ ትጨምራለች» ይላል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። ቀለሟን አየሁ። ነዳኋት። አትጎትትም፤ ካምቢዮዋም ጥሩ ነው። «ንጹሕ ናት» አልኳቸው። የመምህሩ ፊት በራ። ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄደው ተፈራረሙ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ሞተሩ ዘይት ይበላል። እሳቸው የጎደለውን በመደበኛው ዘይት ሲሞሉት ደግሞ ሰማያዊ ጭስ መታየት ጀመረ። የገራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መኪናዋ እንድታድር አዘዙ። ጠዋት አንድ ላይ ቆመን አስነሳናት። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ግፊቱን ስንለካ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሁለቱ ወርዷል። ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት።

መምህሩ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ነው ያሉኝ፦ «ያን ዕለት እጅህን ከኮፈኑ ላይ መለስ ስታደርግ አይቼሃለሁ። ምንድን ነው ልልህ ነበር። አንተ ዝም ስትል፣ ባለሙያው ካልተናገረ ምንም አይደለም ብዬ ተውኩት።»

እስከዛሬ ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም።

ጋሼ ማታ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ መኪና 300 ሺህ በነበረበት ጊዜ ብትሳሳት ሰውዬው ተበሳጭቶ፣ ሽጦ፣ በዓመቱ ሌላ ይገዛ ነበር። አሁን መመለሻ የለውም። ቤቱን ሁሉ ነው ይዞልህ የመጣው» አሉኝ። የእጅ ዋጋውን ገራዡ እንዲችለው አደረጉ። የፒስተን ፋሻ፣ የቫልቭ ጎማና ጓርኒሲዮን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። እዚያም ዋጋው ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። የዕቃውን ግማሽ ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፈልኩ። መምህሩ አይሆንም ብለው ነበር፤ ጋሼ ግን አልሰሙም። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሞቆ የመጣን መኪና አይቼ ቃል አልሰጥም። «ቁልፉን ትታችሁ ሂዱ፣ ትደር፤ ጠዋት ቀዝቅዛ እናስነሳታለን» እላለሁ። ደላሎች አይወዱትም። አንዳንዱ ተቆጥቶ መኪናውን ይዞ ይወጣል። ይውጣ። ገዢ ከሆናችሁ እናንተም ሻጩ ቤት በጠዋት ድረሱ፤ ሳያስነሳት። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። መካኒካችሁ ፊቱ ከተለዋወጠ ወይም እጁን መለስ ካደረገ ጠይቁት። አታፍሩ። ሌላ ገዢ አለ ቢሏችሁም ይኑር።

ቪትዟ አሁንም ትሠራለች። ሲስተር ከሌሊት ተረኝነት ሲመለሱ ብዙ ጊዜ በገራዣችን በር ያልፋሉ። ክላክስ አድርገው እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። እኔም አወዛውዛለሁ። ከዚያ መኪናዋ እስክትርቅ ድረስ ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ አያለሁ።