«ባዶ መሬት» ማን ባዶ አደረገው? ከኬፕ እስከ ወሎ

ደሴ ላይ ስለ አፍሪካ ታሪክ ጨዋታ ሲነሳ አንድ አባባል አይጠፋም፤ «ነጮቹ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ መሬቱ ባዶ ነበር፤ ጥቁሮቹም ከሰሜን የወረዱት በዚያው ሰሞን ነው»። ወሬው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ያናፈሱት ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ደግሞ በመማሪያ መጽሐፍ አስገብቶ ለትውልድ አስተማረው። ዛሬም በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል፣ አንዳንዱም የእኛ ሰው አምኖ ያጋራዋል።

አባባሉ ውሸት ነው። ግን ውሸት ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ባዶ መስሎ የታየ መሬት በእርግጥ ነበረ፤ ያራቆተውም ምክንያት አለው። ከምክንያቶቹ አንዱ ኬፕ (የደቡብ አፍሪካ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ) ከመድረሱ በፊት በወሎ በኩል አልፏል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ከገበሬዎቹ እንነሳ። ባንቱ የሚባሉትን ቋንቋዎች የሚናገሩ ሕዝቦች ከዛሬው የናይጄሪያና የካሜሩን ድንበር አካባቢ መውጣት የጀመሩት ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። አንድ ትልቅ ጦር ተሰልፎ አልወረደም። የእርሻ መሬት ሲደክም፣ ልጅ ሲያገባና ጎጆ ሲወጣ፣ በየትውልዱ ጥቂት ጥቂት እየተራመዱ ነው። ብረት አቅልጠው፣ ማሽላና ከብት ይዘው ከሊምፖፖ ወንዝ በስተደቡብ የደረሱት ከ1,600 ዓመት ባላነሰ ጊዜ በፊት ነው። ማስረጃው አፈር ውስጥ አለ፤ የሸክላ ስብርባሪ፣ ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ፣ የጎተራ ጉድጓድ። ሊደንበርግ ላይ የተገኙት ከሸክላ የተሠሩ የሰው ራሶች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ500 ገደማ የተሠሩ ናቸው። ደቾች (የሆላንድ ሰዎች) ኬፕ ላይ የሰፈሩት በ1652 ስለሆነ፣ «በዚያው ሰሞን» የተባለው ልዩነት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ነው።

ታዲያ ገበሬዎቹ ለምን እስከ ደቡብ ምዕራቡ ጫፍ አልዘለቁም? ዝናቡ ነው። ኮምቦልቻ ዙሪያ ቃሉ ውስጥ ማሽላ የሚዘራ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይሻም። ማሽላ ሙቀትና ዝናብ አብረው ካልመጡለት ፍሬ አይዝም። ኬፕ ላይ ደግሞ ዝናቡ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ በብርዱ ወራት ነው፤ በጋቸው ሞቃትና ደረቅ ነው። ስለዚህ ማሽላ ዘሪዎቹ በምሥራቅ በኩል በታላቁ የፊሽ ወንዝ አካባቢ ቆሙ። ምዕራቡ ከብትና በግ ለሚያረቡት ለኮይኮይ፣ ለአዳኞቹም ለሳን ሕዝቦች ቀረ። ደቾቹ ይዘውት የመጡት ስንዴ ነበር፤ ስንዴ የብርድ ዝናብ ይወዳል። የአፍሪካ ገበሬ እህል የማይበቅልበትን፣ የእነሱ እህል ግን የሚበቅልበትን ጥግ ያገኙት በዕድል ነው እንጂ በብልጠት አይደለም።

ኮይኮዮቹም ዝም ብለው የተቀበሉ ሰዎች አልነበሩም። በ1510 ፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ የሚባለው የፖርቱጋል የሕንድ እንደራሴ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰዎቹ መንደር ገብተው ከብት ሊነዱ ሞከሩ። ኮይኮዮቹ በሬዎቻቸውን እንደ ጋሻ ከፊት እየነዱ በድንጋይና በጦር ገጠሟቸው፤ እንደራሴውን ጨምሮ ከ50 በላይ ፖርቱጋላዊ ባሕር ዳር ላይ ሞተ። ፖርቱጋሎች ከዚያ ወዲያ ኬፕን ይሸሹ ነበር።

ደቾቹ በ1652 በያን ቫን ሪቤክ መሪነት ሲመጡ 90 ያህል ነበሩ። ዓላማቸው አገር መያዝ አልነበረም፤ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ለሚያልፉ መርከቦች ውኃ፣ አትክልትና ሥጋ ማቅረብ ነበር። ነገሩ የተበላሸው በሥጋው ነው። ኮይኮይ በመዳብና በትምባሆ የሚሸጠው ያረጀና የታመመ ከብት ነው፤ ላምና ጊደር አይሰጥም። ላም መሸጥ ዘር መሸጥ ነዋ! መርከቦቹ ግን ብዙ ሥጋ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የላካቸው የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1657 ዘጠኝ ሠራተኞቹን ከውል ፈትቶ በሊስቤክ ወንዝ ዳር ለእያንዳንዳቸው 11 ሄክታር ገደማ ሰጠ። መሬቱ ለካርታው ባዶ ነበር፤ በተግባር ግን የኮይኮይ ከብት በየዓመቱ የሚመላለስበት ግጦሽና የውኃ መውረጃ ነበር።

በ1659 ጦርነት ተነሳ። መሪው ዶማን፣ ደቾች በአስተርጓሚነት እንዲያገለግል ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ወስደው የመለሱት ሰው፣ አንድ ጠቃሚ ነገር አጥንቶ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚተኮሰው በሚነድ ክር ስለሆነ በዝናብ አይሠራም። ስለዚህ ዝናብ ጠብቆ ይወጋ፣ የእርሻ በሬዎቹንም ይነዳ ነበር። ደቾቹ ግንብ ውስጥ ስለመሸጉ ማንም ሳያሸንፍ በ1660 እርቅ ሆነ። በድርድሩ ላይ ኮይኮዮቹ የተናገሩትን ቫን ሪቤክ ራሱ በዕለት መዝገቡ አስፍሮታል፤ እኛ ሆላንድ መጥተን እንዲህ ብናደርግ ትፈቅዱልን ነበር ወይ፣ መሬቱ ለሁለታችን ካልበቃ መልቀቅ ያለበት ባለቤቱ ነው ወይስ መጤው፣ ብለው ጠየቁት። እሱም መሬቱን በጦርነት አጥታችኋል አላቸው። እንግዲህ «ባዶ ነበር» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ ጸሐፊው የሰፋሪዎቹ አለቃ ነው። ከዚያም የዱር ለውዝ አጥር ተከሉ፤ ቅሪቱ ዛሬም ኬፕ ታውን ኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ በቅሎ ይታያል።

አጥሩ ግን ብዙ አልያዛቸውም፤ ከዚያ በኋላ የተስፋፉበት ዘዴ «የብድር እርሻ» ነው። አንድ ሰፋሪ ውኃ ያለበት ቦታ ይመርጣል፣ ምልክት ይተክላል፣ ከምልክቱ በየአቅጣጫው ፈረስ በርምጃ ግማሽ ሰዓት የሚሄደውን ያህል የእኔ ይላል። ይህ 2,500 ሄክታር ገደማ ይሆናል። በወሎ ልማድ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ካልን፣ ለአንድ ቤተሰብ አሥር ሺህ ጥማድ ማለት ነው። ለኩባንያው በዓመት የሚከፍለው ትንሽ ኪራይ ነበር። ውኃው ሲያዝ ዙሪያው ያለው ግጦሽ ለከብት አርቢ ሞተ፤ ምንጩን የያዘ ሁሉንም ያዘ።

በ1713 ደግሞ ፈንጣጣ ገባ። ከመርከብ የወረደ ልብስ ኬፕ ላይ የኩባንያው ባሪያዎች ሲያጥቡት ከነሱ ተነሳ። በሽታውን አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ጥፋቱ ከባድ ነበር፤ የኬፕ አካባቢ ኮይኮይ ማኅበረሰብ ከዚያ በኋላ እንደ ነገድ መቆም አቃተው። ቀጥሎ የመጣ ሰፋሪ ሜዳውን አይቶ «ባዶ» ቢለው አይኑ አልዋሸውም፤ ግን ከስንት ዓመት በኋላ እንደመጣ መጠየቅ አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ሰው መኖሩን መካድ ሲያቅት ሥራውን መካድ ይመጣል። የታላቋን ዚምባብዌ የድንጋይ ግንብ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበውን፣ ቁመቱ 11 ሜትር የሚደርሰውን፣ ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ በ1871 ሲያይ የንግሥተ ሳባ ቤት ነው አለ። ማስረጃው? ከበር ላይ የቆረጠው እንጨት እንደ እርሳሱ ይሸታል፤ ስለዚህ የሊባኖስ ዝግባ ነው። የእኛ ሰው ንግሥተ ሳባን አክሱም እያለ እሷን ዚምባብዌ መውሰዱ ያስቃል። በ1905 ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ገርትሩድ ካተን ቶምፕሰን ቆፍረው ሥራው የአካባቢው አፍሪካውያን እንደሆነ አረጋገጡ።

አሁን ወደ ወሎ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ለጦራቸው ካስገቡት ከብት ጋር ደስታ በሽታ ገባ። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ዛሬም በዚህ ስም ይጠሩታል። ቫይረሱ የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ከብት ከያዘው በኋላ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይደበቃል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞት። ከተረፈ ዕድሜ ልኩን አይደገምበትም። ቫይረሱ ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚሞት የሚጓዘው በሕይወት ካለ ከብት ጋር ነው፤ በገበያ፣ በዘረፋ፣ በጦር ስንቅ። ወሎ የሰሜን መንገድ በመሆኑ ማምለጫ አልነበረውም። በክፉ ቀን ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ ማረስ ይቀራል፤ ዘሩ ቢኖርም መሬቱ በዶማ አይዳረስም። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት ለዚህ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው በዚሁ መካከል ነው።

በሽታው ደቡብ መውረዱን ቀጠለ። በ1890 እና 1891 በምሥራቅ አፍሪካ የከብት አርቢዎቹን የማሳይን ከብት ጨረሰ፤ ፈንጣጣ ተከተለው። ዛምቤዚ ላይ ጥቂት ዓመት ቆመና በ1896 መጀመሪያ በዛሬዋ ዚምባብዌ ያለችው ቡላዋዮ ደረሰ። በዚያ ጊዜ ጭነቱ ሁሉ በበሬ ጋሪ ስለነበር ጋሪዎቹ በሽታውን በየመንገዱ አደሉት፤ በሬው ሲሞት ጋሪው ባለበት ቆመ። ነጮቹ ገዢዎች በሽታውን ለማገድ የሽቦ አጥር ዘረጉ፣ የጤነኛ ከብት መንጋ ረሸኑ። የዚያው አገር የንዴቤሌ ሕዝብ ከሦስት ዓመት በፊት መሬቱና ከብቱ ተወስዶበት ነበርና የቀረችውን ሲረሽኑበት ቁጣው ባሰ፤ በዚያው መጋቢት ወር አመፀ። (በ1893 በንዴቤሌ ላይ ለዘመተ ለእያንዳንዱ ነጭ ፈቃደኛ ቃል የተገባለት መሬት 2,500 ሄክታር ገደማ ነው፤ የኬፕ የብድር እርሻ ልክ።) ጀርመናዊው የተሕዋስያን ተመራማሪ ሮበርት ኮክ ደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሊ መጥቶ በ1897 ያገኘው ዘዴ ከታመመ ከብት ሐሞት 10 ሚሊ ሊትር ወስዶ ጤነኛውን ቆዳው ሥር መውጋት ነበር፤ ብዙ ከብት አተረፈ፣ አልፎ አልፎ ግን ሐሞቱ ራሱ በሽታውን ያስይዝ ነበር። ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። የበግና የፍየሉ ዘመዱ ግን አልጠፋም፤ ክትባት ሲጠሩ መንጋን አውጥቶ ማስከተብ የግድ ነው።

አሁን ሁለት ደጋ አገሮችን እናነጻጽር። ጣሊያኖች የኤርትራን ደጋ ክፉ ቀን ካራቆተው በኋላ «ባለቤት የለውም» ብለው ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ወሰዱ፤ በሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ ዕቅድ የጣሊያን ገበሬዎችን አመጡ። የአካለ ጉዛዩ ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1894 በዚህ ምክንያት ሸፈተ፤ ሐላይ ላይ ተገደለ፤ ሰፈራው ግን በዚያው ከሸፈ። በዓመቱ ምኒልክ ጦሩን ወረኢሉ ላይ ሰበሰቡ፣ የወሎው ራስ ሚካኤልም ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። ደስታ በሽታ ፈረስና በቅሎ አይነካም፤ እህሉም ከ1885 ዓ.ም. ወዲህ አገግሞ ነበር። ጣሊያኖች በክፉው ቀን መካከል ከደጋው ጠልቀው ቢገቡ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ኬንያ ላይ የሆነው ያ ነው፤ ማሳይ ከብቱን ባጣ ማግስት፣ ኪኩዩም በ1898 እና 1899 በረሃብና በፈንጣጣ በተመታ ማግስት የእንግሊዞች ባቡር ደረሰ፤ በ1902 የወጣው ሕግ መሬቱን ለ99 ዓመት ለሰፋሪ ማከራየት ፈቀደ።

እንግዲህ «ባዶ አገር አየሁ» የሚል የተጓዥ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ወሩን ይመልከት። ጨፋን በክረምት ያየ እንግዳ ረግረግ እንጂ መንጋ አያይም፤ በበጋ ያየው የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት ሞልቶት ያገኘዋል። ቀጥሎ ከዚያ ዓመት በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በሽታ ወይም ጦርነት ነበር ወይ ብሎ ይፈልግ። የአውሮፓውያኑን ዓመት ወደ እኛ ሲቀይር ደግሞ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ላለው ጊዜ ስምንት ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ሰባት ዓመት ይቀንስ፤ የክተት አዋጁን ከዐድዋ ድል በአንድ ዓመት የሚያርቁት ይህን የሚረሱ ናቸው፤ ሁለቱም 1888 ዓ.ም. ናቸው። በመጨረሻ የፍርድ ቤትና የውል መዝገብ ይፈልግ። እንግሊዞች ማሳይን ከስምጥ ሸለቆው ያስለቀቁት በ1904 ውል ነው፤ በ1911 በሌላ ውል ከላይኪፒያም አነሷቸው። ማሳዮቹ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1913 ክሱን አላይም አለ፤ ምክንያቱም ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ስምምነት ነው፣ የማሳይ ሕዝብም ራሱን የቻለ ወገን ነው ብሎ ነው።