ምሩጽ ከሰለሞን ባረጋ ጋር ቢሮጥ፦ የቡና ላይ ክርክሩን ሜዳ ላይ ያወረድኩበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይህ ክርክር አይጠፋም። አበበ ቢቂላ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከዛሬዎቹ ጋር ቢሮጡ ማን ያሸንፋል? ትልልቆቹ ለዱሮዎቹ ይምላሉ። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያሳያል። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ታዳጊ ሯጮችን አሰለጥናለሁ። ክርክሩ ልምምድ ላይም ተከትሎኝ መጣ። አንዷ ልጅ እግሯን እያፍታታች፣ «አሰልጣኝ፣ አበበን እኮ ዛሬ ሴትም ትቀድመዋለች» አለች። ሌሎቹ ተቆጧት። ልጅቷ ግን ልክ ናት። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2:12:11 ጨረሰ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገባች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) 18 ሰከንድ ትቀድመዋለች ማለት ነው። ታዲያ አበበ ትንሽ ሰው ነበር? ይህን ጥያቄ ለልጆቹ በደንብ መመለስ ነበረብኝ። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሪከርድን ከሪከርድ ማወዳደሩን ትቶ ሻምፒዮናን ከሻምፒዮና ማስተያየት ነው። ሪከርድ የሚሰበረው አሯሯጭ ተቀጥሮ፣ አየሩ ተመርጦ ነው። ኦሊምፒክ ላይ ግን የተቀጠረ አሯሯጭ የለም። 10,000 ሜትርን በዚህ መንገድ ስጽፍ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ደግሜ ደግሜ አየሁት። ምሩጽ በ1980 ሞስኮ ላይ ወርቁን የወሰደው በ27:42.69 ነው። ሰለሞን ባረጋ በ2021 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው በ27:43.22 ነው። ከ41 ዓመት በኋላ፣ በአዲስ ጫማ፣ በአዲስ ትራክ፣ የአሸናፊው ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ዘገየ! ይህ ሰለሞንን አያሳንሰውም። የቶኪዮ ሙቀትና ወበቅ ከባድ ነበር፤ ከኋላው ያስቀራቸውም የዓለም ሪከርድ ባለቤቱ ጆሹዋ ቼፕቴጌና ጃኮብ ኪፕሊሞ ናቸው። ግን ሰዓት ብቻውን ማን ከማን እንደሚበልጥ እንደማይናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም። ፓሪስ 2024 ላይ ደግሞ ሩጫው ከመጀመሪያው ፈጥኖ፣ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ የወጣው ቼፕቴጌ በ26:43.14 አሸነፈ። ያው ርቀት፣ ያው ሰው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የአንድ ደቂቃ ልዩነት።

ቀጥሎ ሪከርዶቹን በዙር አካፈልኳቸው። ይህን ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል፤ እመክራለሁ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 26:17.53 ሮጠ። ቼፕቴጌ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 26:11.00 አደረገው። ልዩነቱ ለ25 ዙር ሲካፈል በዙር ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። በቃ። በእነዚያ 15 ዓመታት መሃል ደግሞ ሁለት ነገር መጥቷል፤ አዲሱ የመሮጫ ጫማና በትራኩ ጠርዝ ላይ እየበራ ሯጩን የሚመራው መብራት።

መብራቱ ምን ያህል ይጠቅማል? ይህን ሜዳ ላይ ሞከርኩት። ሜዳችን ሣርና አፈር ነው። 400 ሜትሩን በሜትር ለክተን መስመሩን በአመድ አሰመርን። አንዱን ልጅ 3,000 ሜትር ብቻውን አስሮጥኩት። የመጀመሪያውን ዙር በ72 ሰከንድ ፈንድቶ ወጣ፣ መሃል ላይ ወደ 81 ወረደ፣ በመጨረሻ እንደገና ተሟሟተ። በሌላ ቀን ሁለት ልጆች ፊሽካ ይዘው ዙሩን እኩል ቦታ ከፍለው ቆሙ። መድረስ ባለበት ሰከንድ ላይ ይነፋሉ። ዙሩ በ76 እና በ77 መሃል ጸና፤ አጠቃላይ ሰዓቱም ተሻለ። ትንፋሹ ሲመለስ ያለኝን አልረሳውም፦ «አሰልጣኝ፣ ዛሬ ሳላስብ ሮጥኩ።» የዛሬ ሯጭ ሳያስብ እንዲሮጥ መብራት አለው። ቀነኒሳ ግን ሰከንዱን ራሱ ተሸክሞ ነው የሮጠው። በእኔ እምነት ያንን ሩብ ሰከንድ መብራቱ ብቻውን ይሞላዋል።

ጫማውንም ሞከርን። አንድ የቀድሞ ሰልጣኜ ውጭ ተወዳድሮ ሲመለስ ያንን አዲሱን ጫማ፣ ሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለውን፣ ይዞ መጣ። ቁጥሩ የሚሆናቸውን ልጆች ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ላይ ተራ በተራ አስሮጥኩ። አስፋልት ላይ ይገፋቸዋል፣ ሣር ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። ትልቁ ልዩነት የታየኝ በማግስቱ ነው። በተራ ጫማ የሮጠው ልጅ ደረጃ ሲወርድ ጭኑን ይዞ ነበር። በአዲሱ የሮጠው ምንም አልመሰለውም። ሰው ስለ ጫማ ሲያወራ የሩጫውን ቀን ብቻ ነው የሚያስበው። እግር ቶሎ ካገገመ በሳምንት ውስጥ ተጨማሪ ጠንካራ ልምምድ ይገባል፤ ዓመት ሲጠራቀም ያ ብዙ ነው። አበበ ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ 2:15:16 የሮጠው ይህ ሁሉ ሳይኖር ነው፤ ያውም የክብር ዘበኛ ወታደርነቱን እየሠራ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን «ሞስኮ» ብለን የጠራነውን ውድድር ነው። ምሩጽን ማርሽ ቀያሪው ያሰኘው የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ የሚያደርገው ለውጥ ነው። ልጆቹን አሰለፍኩና እስከ መጨረሻው 300 ማንም ከፊሽካው እንዳይቀድም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ልቀቁት አልኩ። በደብተሬ ላይ ምርጥ ሰዓት ያለው ልጅ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው በሰዓት ከመሃል በታች የሚገኝ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ትከሻው ሳይነቃነቅ እግሩ ብቻ ተቀየረ።

ለሴቶቹ ይህን ያስረዳሁት በከተማችን ልጅ በመሰለች መልካሙ ነው። በ2009 ኡትሬክት ላይ 10,000 ሜትርን በ29:53.80 ሮጣለች። በጊዜው ከእሷ የፈጠነች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። በዚያው ዓመት የበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና ግን በ30:51 አለቀ፤ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ቀድማት ወርቁን ወሰደች። ዛሬ ቢያትሪስ ቼቤት 28:54.14 ሮጣለች፤ ከመሰለች በአንድ ደቂቃ ይፈጥናል። ያ ደቂቃ እውነተኛ ነው፤ ሁሉንም ለጫማ አልሰጥም። ዛሬ የሴቶች ሩጫ ተፎካካሪው በዝቷል፣ ፍርሃቱም ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ከክርክሩ በፊት ጥያቄውን መለየትን ነው። ሰውየውን እንደነበረ እናምጣው ወይስ ዛሬ ይወለድ? አበበን እንደነበረ ብናመጣው ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ የሮጠውን 2:06:26 አይደርስበትም። ግን አበበ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን በ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው የቀደመው፤ ታምራት በ21 ሰከንድ። በርግጥ የዛሬው ሁለተኛ ከያኔው ሁለተኛ እጅግ ይጠነክራል፤ ይህንንም ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ።

ወጣቶቹ «ይህ ሁሉ ግምት ነው» ሲሉኝ ደግሞ ቀነኒሳን አነሳለሁ። በ2004 በ5,000 ሜትር 12:37.35 የሮጠው ሰው በ2024 ለንደን ማራቶን ላይ፣ በ41 ዓመቱ፣ የዛሬውን ጫማ አድርጎ ከዛሬዎቹ ጋር ተሰለፈ። 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። ከፊቱ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በ14 ሰከንድ።

ስለዚህ አሁን ሲጠይቁኝ መልሴን ቁርጥ አድርጌ እሰጣለሁ። አሯሯጭና መብራት ባለበት ሩጫ ቼፕቴጌን እመርጣለሁ። ሩጫው ቀስ ብሎ የሚሄድ ኦሊምፒክ ከሆነና ምሩጽ 300 ሜትር ሲቀር ከመሪዎቹ ጋር ካለ ግን ወርቁ የምሩጽ ነው።