ደወሉ ጋ

ሞምባሳ የሄድኩት ክራፕፍን ፍለጋ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የኖረው፣ በ1842 ከሸዋ ወጥቶ መመለሻ የተከለከለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ማለቴ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ በቀይ ባሕር ጠረፍ አጠገብ በሚኖሩት በሾሆዎች አገር ሲያልፉ ሚስቱ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ከመሞቷ በፊት ግን አባቷ «እንባ» ብሎ አጠመቃት። በአማርኛ! ሞምባሳ በደረሱበት በ1844 ደግሞ ሚስቱና ሌላዋ አራስ ልጁ በቀናት ልዩነት ሞቱ። መቃብራቸው ከደሴቲቱ ማዶ፣ ኒያሊ ዳርቻ ላይ ነው።

ወደዚያው ስሄድ፣ ማታቱው (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) ድልድዩን እንደተሻገረ ረዳቱ «ኬንጌሌኒ! ኬንጌሌኒ!» ይል ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ደወሉ ጋ ማለት ነው። ውረድና እየው፣ ልጄ።»

ወረድኩ። መቃብሩ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ አንድ ሰዓት ቢጨምር አይቀየምም።

ደወሉ መኪና በሚተራመስበት መንገድ ዳር ነው። ድሮ የባሪያ ነጋዴዎች ሲመጡ ሰፈሩን ለማስጠንቀቅ ይደወል ነበር። ሰፈሩ ፍሬር ታውን ይባላል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ከ1874 ጀምሮ ነጻ ለወጡ ባሪያዎች የመሠረተው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ባሪያ ንግድ ሊደራደር ዛንዚባር ከሄደው ከሰር ባርትል ፍሬር ነው። ውሉ ተፈርሞ የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1873 ነበር፤ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በባሕር ላይ ከያዟቸው ጀልባዎች የወሰዷቸውን ሰዎች እዚህ ያራግፉ ጀመር።

ከእነሱ ቀድመው የመጡት ግን ከሕንድ ነው። በልጅነታቸው ከባሪያ ጀልባ ላይ ተወስደው ቦምቤይ የደረሱ፣ ናሲክ አጠገብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ንባብና የእጅ ሥራ የተማሩ፣ ከነእንግሊዝኛ ስማቸው ወደ አፍሪካ የተመለሱ። ከእነዚህ አንዱ የያኦ ተወላጁ ዊልያም ጆንስ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ማን ይንገረኝ? በ1885 ዲያቆን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከጳጳሱ ሃኒንግተን ጋር በዛሬዋ ኡጋንዳ ወዳለው የቡጋንዳ መንግሥት ጉዞ ጀመረ። ጳጳሱ ግን ቡጋንዳ ሳይደርስ ቡሶጋ ላይ ተገደለ። ጆንስ የቀሩትን ሰብስቦ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ሲመለስ ሰማያዊ ባንዲራ አስይዞ ነበር፤ ባንዲራው ላይ የተጻፈው «ኢካቦድ» የሚል ነው። መጽሐፈ ሳሙኤልን ያነበበ ያውቀዋል፦ ታቦቱ በተማረከ ቀን፣ ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ብላ አንዲት የምትሞት እናት ለልጇ ያወጣችው ስም።

ሚሲዮኑን ግን ቅዱስ አላደርገውም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኃላፊዎቹ ነዋሪዎቹን እንደሚገርፉና እንደሚያስሩ ተሰምቶ ምርመራ ተካሂዷል። ከጅራፍ አምልጦ መጥቶ ሌላ ጅራፍ! ከጠረፉ እርሻዎች ለጠፉት፣ በስዋሂሊ ዋቶሮ ለሚባሉት፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ባርነት ራሱ በዚህ ጠረፍ በሕግ የተሻረው በ1907 ነው።

ከመንገዱ ዳር ቆሜ ማታቱዎቹን አዳመጥኩ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የሰር ባርትልን ስም የጠራ ረዳት አልሰማሁም፤ ሁሉም የሚጣራው ደወሉን ነው።

ኒያሊ ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። እናትና ልጅ ከባሕሩ አጠገብ ተኝተዋል። እንባ ግን እዚህ የለችም፤ ሾሆዎች አገር ቀርታለች።