በወር 10 በመቶ፦ ደመወዝ ክፍል ተቀምጬ ያየሁት

የምሠራው ደመወዝ ክፍል ነው። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይጠይቅ ብዙ ነገር ያውቃል። ማን የደመወዙ ግማሽ በብድር እንደሚቆረጥበት፣ ማን ወሩ ሳይጋመስ "አድቫንስ ይፈቀድልኝ" እያለ ብቅ እንደሚል፣ ማን ደግሞ ደመወዙ እጁ ሳይገባ የተወሰነው በቀጥታ ወደ ቁጠባ ሒሳቡ እንዲሄድለት እንዳስፈረመ። ይህን ማውራት አይፈቀድም። ስለዚህ የማንንም ስም አልጠራም። ታሪኩን ግን ብዙ ሰው ቢሰማው አይጎዳም።

ነገሩ የጀመረው ከሽያጭ ክፍል ነው። አንድ ልጅ አለ፤ ተጫዋች፣ ሁሉም የሚወደው፣ ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚደርስ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ አንድ አፕ አሳየን። የውጭ ምንዛሪ በሮቦት የሚነግድ ድርጅት ነው አለ። ገንዘብ ታስገባለህ፣ ሮቦቱ ይሠራልሃል፣ በወር 10 በመቶ ታገኛለህ፣ ሰው ካመጣህ ደግሞ ኮሚሽን አለው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ቁጥር በየጠዋቱ ከፍ ይላል። እውነቱን ለመናገር አፑ ያምራል። የእኛ የደመወዝ ሲስተም የዚያን ግማሽ ቢያምር ደስ ባለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ጠዋት ጠዋት ስክሪንሾት ይለጠፋል። "ዛሬም ገባ"፣ "ሮቦቱ አይተኛም"፣ ከሥሩ የእሳት ምልክት። ከዚያ አንዷ ያስገባችውን ከነትርፉ አወጣች። በእውነት አወጣች፣ ባንክ ሒሳቧ ውስጥ ገባላት። ሰውን የጨረሰው ይሄ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠራጠር ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠራጠር ሰው እንደ ምቀኛ ይታይ ጀመር።

ወደ እኔ ጠረጴዛ ነገሩ የደረሰው በሌላ በር ነው። የደመወዝ ብድር መጠየቂያ ቅጽ አለን። ከታች "ምክንያት" የምትል አጭር መስመር አለችው። በሌላ ጊዜ እዚያች መስመር ላይ የሰው ኑሮ በየዓይነቱ ይጻፋል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ሕክምና፣ ጣሪያ ያፈሳል። በዚያ ሰሞን ግን ቅጹ ተከመረ፣ የሚጻፈው ምክንያትም ሁሉም ላይ አንድ ሆነ። "የቤተሰብ ጉዳይ"። አንዱ መጀመሪያ ሌላ ነገር ጽፎ ሰርዞት ኖሮ፣ ከጭረቱ ሥር "ለኢንቨስ" የምትለው ትነበባለች።

የገረመኝ የቅጹ መብዛት አይደለም፤ የሞሉት ሰዎች ናቸው። ስግብግብ የምንላቸውን ሰዎች ጠብቄ ነበር። የመጡት ግን ወሩ ቀድሞ የሚያልቅባቸው ናቸው። ብድር ላይ ብድር ያለባቸው፣ የወር መጨረሻ የሚያስፈራቸው፣ ልጅ የሚያስተምሩ። እነዚህ ሰዎች ሀብታም መሆን አላማራቸውም። አንዴ ትንፋሽ ማግኘት ነው የፈለጉት። በወር 10 በመቶ የሚል ነገር ደግሞ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው። ገንዘብ ተርፎት ምን ላድርገው የሚል ሰው ያሰላል፣ ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል። የቸኮለ ሰው ለማስላት ጊዜ የለውም።

ከሹፌሮቻችን አንዱ ሲጋብዙት "ትንሽ ልየው እስቲ" እያለ ያልፋል። በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጥ ቁጠባ እንዳለው አውቃለሁ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ለዓመታት ተቋርጦ አያውቅም። ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ገንዘብ ያነበበ ሰው አይመስለኝም። መጠበቅ ስለቻለ ብቻ ዳነ።

አንድ ቀን ታዲያ ሽያጩ ልጅና የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ቢሮዬ ውስጥ ተገናኙ። እሷ ጡረታ የቀረባት ሴት ናት። ዕድሜዋን በሙሉ የገባና የወጣ ስትቆጥር የኖረች።

"እትዬ፣ እርስዎም ይግቡ እንጂ፣ ለጡረታዎ ይሆንዎታል" አላት።

"ልጄ፣ ባንክ ሲያበድር ስንት ነው ወለዱ?"

"እኔንጃ፣ 15፣ ቢበዛ 20 ቢሆን ነው።"

"በወር?"

"ኧረ በዓመት!"

"እና እነዚህ ሰዎች ለእኔ በወር 10 ከሚከፍሉ፣ ከባንክ በዓመት በ20 ተበድረው ለምን ብቻቸውን አይሠሩበትም? እኔን ምን አድርጊ ብለው ፈለጉኝ?"

ልጁ ሳቀ። "ባንኮቹ ገና አልገባቸውም፣ እትዬ።"

"የገባቸው ቀን ንገረኛ" ብላ ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

እሱ ሳይሄድ ኤክሴል ከፈትኩ። 10 ሺህ አስገባሁ፤ በየወሩ 10 በመቶ እየተጨመረ፣ ትርፉም እየወለደ እንዲሄድ አደረግኩት። በዓመቱ 31 ሺህ አለፈ። ደስ አለው። በ5 ዓመት 3 ሚሊዮን ተሻገረ። አሁንም ደስ አለው፣ ግን ትንሽ ዝም አለ። በ10 ዓመት 927 ሚሊዮን ሆነ። 20 ዓመት ላይ ስደርስ ቁጥሩ ሴሉ ውስጥ አልገባ ብሎ ኤክሴል የሃሽ ምልክት ብቻ ደረደረ። ዓምዱን ሳሰፋው ወደ 86 ትሪሊዮን ነው። ከ10 ሺህ ተነስቶ!

"ማንም እኮ 20 ዓመት አይቆይበትም" አለኝ።

"ድርጅቱም አይቆይም" አልኩት። አልሰማኝም። ቀድመው ከገቡት ውስጥ ስለነበር ያወጣ ነበር፤ የሚያወጣ ሰው ደግሞ አይሰማም።

ይሄ ነገር አዲስ እኮ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው በ45 ቀን 50 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ሰዉን አሰልፎ ነበር። ትርፉ የሚመጣው ከዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን፣ ማለትም በሌላ አገር በቴምብር ከሚለወጥ ወረቀት፣ ንግድ ነው ይል ነበር። ጋዜጠኞች ሒሳቡን ሲሠሩት፣ ለሰበሰበው ገንዘብ 160 ሚሊዮን ያህል ኩፖን ሊኖር ይገባል፤ በዓለም ላይ ሲዘዋወር የነበረው ግን 27 ሺህ ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ይከፍል የነበረው ከኋለኞቹ ገንዘብ ነው። የእኛዋ ልጅ ያወጣችው "ትርፍ"ም ያው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ብድር ነው። ክፍያው እውነት ነበር፣ ትርፍ ግን አልነበረም።

ብዙ ሰው "10 በመቶ በወር ስለተጋነነ እንጂ" ይላል። ልክ ነው፣ ተጋኗል። ግን መጠኑ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንዲህ ዓይነት ማጭበርበር የተያዘው አሜሪካዊው የገንዘብ አስተዳዳሪ በርናርድ ማዶፍ የማይታመን ቁጥር አልነበረም የሚያሳየው። በዓመት 10 በመቶ አካባቢ ነው። የሚያጠራጥረው ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ሳይሆን ዝቅ አለማለቱ ነበር፤ ገበያው ሲወድቅም ሲነሳም የእሱ ሪፖርት ያው ነው። 150 ዓመት ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ። እና የእኛንም አፕ ከዚህ አንፃር ያየው ሰው ቢኖር ኖሮ ቅዳሜና እሑድ ይበቃው ነበር። የዓለም የምንዛሪ ገበያ ቅዳሜ ዝግ ነው። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ግን የቅዳሜ ትርፍ በስክሪንሾት ተለጥፏል፣ ከነእሳቱ።

መጨረሻው እንዴት እንደሆነ መገመት አይከብድም። መጀመሪያ "ሲስተም እያሻሻልን ነው" ተባለ። ቀጥሎ ገንዘብ ለማውጣት አስቀድማችሁ 15 በመቶ ግብር አስገቡ የሚል መጣ። ይሄኛው ክፍል በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ያንንም የከፈሉ አሉ። የገባውን ለማዳን ሲል ሌላ ብድር የጠየቀ ሰው ፊቴ ቆሟል፣ እና "ግብር የሚቆረጠው ካለህ ገንዘብ ላይ ነው፣ ለምን አዲስ አምጣ ይሉሃል?" ብዬ ብለምነው "አንተ አይገባህም" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ግሩፑ ተዘጋ። አፑ አልከፍት አለ። ሽያጩ ልጅ ያወጣውንም ኮሚሽኑንም መልሶ እዚያው ሲያስገባ ስለነበር እሱም ባዶ እጁን ቀረ። ሰዉ ግን በእሱ ነው የተቆጣው፤ ያየው ሰው እሱ ብቻ ነዋ።

ገንዘቡ ሄደ፣ ብድሩ ግን ቀረ። በየወሩ ፔይሮል ስሠራ ያንን የብድር ተቀናሽ የሚያወጣው የእኔው እጅ ነው።

በኋላ ኃላፊያችን ጠርቶ "እባክህ ለሠራተኛው አንድ ነገር በላቸው" አለኝ። እኔ የኢንቨስትመንት አማካሪ አይደለሁም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ተሰበሰቡ፣ የመጀመሪያው ጥያቄም "እሺ፣ ታዲያ ገንዘባችንን የት እናድርገው?" የሚል ሆነ። ገና ያ ብድር አላለቀም እኮ!

ስለዚህ ከዕዳ ጀመርኩ። በዓመት 24 በመቶ ወለድ የምትከፍልበት ዕዳ ካለህ፣ እሱን መክፈል ማለት 24 በመቶ ማትረፍ ነው። ያለ ምንም ስጋት። ይህን ያህል ትርፍ ዋስትና ሰጥቶ የሚያቀርብልህ ሐቀኛ ሰው የትም የለም። አንዱ እጁን አውጥቶ "ግን እኮ ዕዳ መክፈል ምንም እንዳገኘህ ሆኖ አይሰማህም" አለ። እውነቱን ነው፣ አይሰማም። አረንጓዴ ቁጥር የለው፣ የእሳት ምልክት የለው።

ቀጥሎ መጠባበቂያ። ከ3 እስከ 6 ወር የሚያኖር ወጪ፣ በቀላሉ ሊወጣ በሚችል ቁጠባ ውስጥ። እዚህ ላይ አጉረመረሙ። በዋጋ ንረት ይበላል አሉ። ይበላል፣ አልካድኩም። ሒሳቡንም አሳየኋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1494 የሒሳብ መዝገብ አያያዝ አባት የምንለው ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ የጻፋት የ72 ስሌት አለች። 72ን ለዓመታዊው መቶኛ ታካፍላለህ፤ የሚወጣው ቁጥር ገንዘብህ እጥፍ የሚሆንበት ዓመት ነው። በ6 በመቶ 12 ዓመት፣ በ8 በመቶ 9 ዓመት። ለዋጋ ንረትም በግልባጩ ትሠራለች፤ ንረቱ በዓመት 6 በመቶ ከሆነ በ12 ዓመት ውስጥ የገንዘብህ የመግዛት አቅም ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የረጅም ጊዜ ገንዘብ ቁጠባ ውስጥ ተኝቶ አይቀመጥም። መጠባበቂያ ግን ሥራው መውለድ አይደለም። ሥራው ሹፌሩ "ልየው እስቲ" እንዲል ማስቻል ነው። ደግሞ የገዛኸው አክሲዮን በወደቀበት ወር ልጅህ ቢታመም፣ በወደቀ ዋጋ እንዳትሸጥ የሚያደርግህ እሱ ነው። ግማሹን ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 50 ሳይሆን 100 በመቶ ማትረፍ አለበት።

ኢንቨስትመንቱ ራሱ ከዚህ በኋላ ነው፣ ብዙም አላስረዘምኩትም። ሁሉንም አንድ ቦታ አታስቀምጡ፣ ያልገባችሁን አትግዙ፣ ገንዘባችሁን የሚያስተዳድረው የሚወስደውን ክፍያ ጠይቁ። ክፍያ ላይ ብቻ ትንሽ ቆምኩ። 10 ሺህ በዓመት 7 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ቢቀመጥ 76 ሺህ ይሆናል፤ ከዚያ ላይ በየዓመቱ አንዱ አስተዳዳሪ 2 በመቶ እየወሰደ በ5 በመቶ ቢያድግ ግን 43 ሺህ። ቫንጋርድ የተባለውን የኢንቨስትመንት ድርጅት የመሠረተው አሜሪካዊ ጆን ቦግል እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ሰው የሚሆን፣ ገበያውን በጅምላ የሚገዛና ክፍያው ዝቅ ያለ የኢንዴክስ ፈንድ ሲጀምር 150 ሚሊዮን ዶላር ጠብቆ የተሰበሰበለት 11 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ሞኝነት ነው ብለው ሳቁበት። ዛሬ በዓለም ላይ በትሪሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ በእንደዚያ ዓይነት ፈንድ ውስጥ ነው። ይሄን ስናገር ሁለት ሦስት ሰዎች ሲያዛጉ አየሁ። አልፈርድባቸውም፣ አሰልቺ ነው።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንድ አዲስ ተቀጣሪ ተከትሎኝ መጣ። የመጀመሪያ ደመወዙን ከወሰደ ብዙም አልቆየም።

"ጋሼ፣ የየትኛውን ድርጅት አክሲዮን ብገዛ ይሻለኛል?"

"በወር ስንት ታወጣለህ?"

ጣራውን አየ። "እሱን እንኳ አላውቀውም።"

"እንግዲያው መጀመሪያ የዚህን ወር ወጪህን ጽፈህ አምጣልኝ፤ አንዷንም ሳታስቀር።"

"ኧረ ጋሼ፣ እሱንማ ከጻፍኩት እደነግጣለሁ!"

"ደንግጠህ ና" አልኩት።