ትከሻ ሲሰበር አይታሽም

ከባጃጅ የወደቀ፣ ደረጃ ላይ ያዳለጠው ወይም ኳስ ሲጫወት የተመታ ሰው ትከሻውን ይዞ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው «በቅቤ ይታሽ» የሚለው ነው፤ ቀጥሎ ወጌሻ ይጠራል። ለመርዳት ታስቦ ነው፤ ትከሻ ላይ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ስለታም ጫፉ በሥሩ የሚያልፈውን ደም ስርና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በቀርከሃ ማሰሩም አይጠቅምም፤ ስብራት ረግቶ እንዲቀመጥ ከበላዩም ከበታቹም ያለው መገጣጠሚያ መያዝ አለበት፣ ከትከሻ በላይ ደግሞ ማሰሪያ ቦታ የለም። የታሰረው ክንድ ሲያብጥ ደም መተላለፊያ ያጣል። በቀላል ስብራት ላይ ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ የተነሳ እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን አሉ፣ ይህ መቅረት የሚችል ጉዳት ነው።

በትከሻ አካባቢ በብዛት ከሚሰበሩት አንዱ ከደረት አናት እስከ ትከሻ ጫፍ የሚሄደው ቀጭን አጥንት፣ ክላቪክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው መሃሉ ላይ ነው። የአንገት ጡንቻ የውስጠኛውን ስባሪ ወደ ላይ ይስበዋል፣ የእጁ ክብደት የውጭኛውን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ከቆዳ ሥር የሚታየው ጉብታ ከዚህ ይመጣል። ተጎጂው በደህናው እጁ የተጎዳውን ክርን ደግፎ፣ ጭንቅላቱን ወደተጎዳው ጎን ዘንበል አድርጎ ይቀመጣል።

የላይኛው ክንድ አጥንት አናቱ አካባቢ ሲሰበር ጉብታ ላይታይ ይችላል። ይህ በተለይ የእናቶችና የአያቶች ስብራት ነው፤ ቆመው ሳሉ በእጃቸው ላይ መውደቅ ይበቃዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክንዱ እስከ ክርን፣ አንዳንዴም ደረቱ ጭምር ይጠቁራል። ቤተሰብ በዚህ ይደነግጣል፣ ግን ከስብራቱ የፈሰሰው ደም ወደ ታች ሲወርድ ነው። በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ አጥንት፣ ስካፑላ፣ እምብዛም አይሰበርም። ከተሰበረ ግን ግጭቱ ከባድ ነበር ማለት ስለሆነ የጎድን አጥንትና ሳንባ ሳይታዩ ሰውየው ወደ ቤት መሄድ የለበትም።

ውልቃት ስብራት መስሎ፣ ስብራትም ውልቃት መስሎ ይመጣል፤ ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ራጅ ሳይነሳ ማንም እጁን ጎትቶ «ልመልሰው» ማለት የለበትም። የሚጥል በሽታ ከተነሳበት ወይም ኤሌክትሪክ ከያዘው በኋላ እጁን ወደ ውጭ ማዞር ያቃተው ሰው ትከሻው ወደ ኋላ ወልቆ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት ብቻ የተነሳ ራጅ ይህን በቀላሉ ያሳልፈዋል። ከጎን ወይም በብብት በኩል የተነሳ ሁለተኛ ራጅ ይጠየቅ።

ከመታሰሩ በፊት ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይውለቁ፤ ጣት ካበጠ በኋላ አይወጡም። ልብሱን ከመጎተት እጅጌውን መቅደድ ይሻላል። ከዚያ እነዚህን ተመልከቱ፦ የእጅ አንጓ ላይ ምት አለ? ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ቀዩ ይመለሳል? አውራ ጣቱን ቀና ያደርጋል? ጣቶቹን ይዘረጋል? በላይኛው ክንድ ውጭ በኩል፣ ከትከሻ ጫፍ አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ በጥጥ ሲነካ እንደ ሌላው ጎን ይሰማዋል? አንዱ ከጎደለ፣ አጥንቱ ቆዳውን ከወጋ ወይም ቆዳውን ወጥሮ ካነጣው፣ ትንፋሽም ካጠረ፣ ጉዞው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ለመደገፊያ ነጠላ ይበቃል። በሦስት ማዕዘን አጥፋችሁ ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ መዳፉ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ አድርጉ። ቋጠሮው በአንገት ጎን እንጂ አከርካሪ ላይ አይሁን፤ ጣቶቹም ውጭ ይቅሩ፣ ቀለማቸው መታየት አለበት። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝ። ለሕመሙ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ።

አብዛኛው የክላቪክል ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና በመደገፊያ ይድናል፤ በልጆች ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ በአዋቂ ከ6 እስከ 12 ሳምንት። በስምንት ቁጥር ቅርጽ በጀርባ የሚታሰረው ፋሻ ከተራ መደገፊያ የተሻለ ውጤት የለውም፤ ብብትንም ይጫናል። ስባሪዎቹ ፈጽሞ ተለያይተው አጥንቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ካጠረ ግን በብረት ስለማሰር ከአጥንት ሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል፤ እንዲህ ያለው ያለ ቀዶ ሕክምና ሲተው ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። ሲጋራም መግጠሙን ያዘገያል።

በክንድ አጥንት አናት ስብራት ትልቁ ጠላት መድረቅ ነው። «እንዳይነካ» ተብሎ ለሁለት ወር የታሰረ ትከሻ አጥንቱ ገጥሞም ፀጉር ለማበጠር አይነሳም። ጣት፣ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሱ፤ ክርኑን ለመዘርጋት መደገፊያው በቀን ጥቂት ጊዜ ይፈታል። ሐኪሙ ስብራቱ የረጋ ነው ካለ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ የመወዛወዝ እንቅስቃሴ ይጀመራል፦ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ማለት፣ የተጎዳውን እጅ ወደ መሬት ማንጠልጠል፣ በሰውነት ማወዛወዝ እንጂ በትከሻ ጡንቻ አለማንሳት። ሌሊት ለጥ ብሎ መተኛት ስለሚያም ከፍ ባለ ትራስ ጋደም ይባል፣ ከክርኑ ሥርም ትንሽ ትራስ ይግባ፤ ያለዚያ ክንዱ ወደ ኋላ ይወድቅና ስብራቱን ይጎትታል።

እናታችሁ ቆመው ወድቀው ከተሰበሩ ስለ አጥንት መሳሳት ምርመራ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትመለሱ። ቀጣዩ ስብራት ዳሌ ሊሆን ይችላል፣ መሳሳቱ ደግሞ በመድኃኒት ይታከማል።